የአንባብያን ጥያቄ፦ አንጀት ከተተከለ በኋላ

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ በተወለደች በሦስተኛ ሳምንቷ አንጀቷ ተጠማዝዞ የደም ዝውውሩ በመቋረጡ አብዛኛው ትንሹ አንጀቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምትኖረው ሌሊት ሌሊት በደም ሥሯ በሚገባ ምግብ ነው። በቅርቡ ሐኪሞቿ ጉበቷ መጎዳት እንደ ጀመረና ቱቦ የሚገባባቸው የደም ሥሮቿም እየተዘጉ መሆናቸውን ነግረውን፣ የአንጀት ንቅለ ተከላ እንድናስብበት መከሩን። ሕክምናው ምን ያህል ይሳካል? ከተሳካስ በኋላ ምን ይገጥማታል? ባለቤቴ «በደኅና ላይ ሳለች ለምን እንነካካታለን» ትላለች።

መልስ፦ ከባለቤትዎ ጥያቄ ብጀምር ይሻላል፤ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ላይ ነውና። በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ ደኅና ሆኖ ለሚያድግ ልጅ ንቅለ ተከላ አይታሰብም፤ ቱቦው ሳይመረዝና ጉበቱ ሳይታወክ እስከ ቆየ ድረስ በዚያው ምግብ የመኖር ዕድሉ ንቅለ ተከላ ከሚሰጠው ይበልጣል። ሐኪሞች ይህን ሐሳብ የሚያነሡት መንገዱ እየጠበበ ሲሄድ ነው፤ ይኸውም ጉበት ሲጎዳ፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮች በረጋ ደም ተዘግተው ለቱቦ የሚሆን ቦታ ሲጠፋ፣ ወይም በቱቦው በኩል የሚመጣ የደም መመረዝ እየተደጋገመ ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል ነው። ከእነዚህ ሁለቱ በልጅዎ ላይ ታይተዋል። የጉበቷ ጉዳት ሊመለስ ከሚችልበት ደረጃ ካለፈ ደግሞ አንጀት ብቻውን መትከል አይበቃም፤ ለትንሽ ሆድ የሚመጥን ጉበትና አንጀት በአንድነት እስኪገኝ መጠበቅ የግድ ይሆናል፣ ተራ ሲጠብቁ ሕይወታቸው ያለፈ ሕፃናትም አሉ። በዚህ ላይ ከቤታቸው መጥተው የሚተከልላቸው፣ ሆስፒታል ተኝተው ከቆዩት የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ በደኅና ላይ መሆኗ ቶሎ እንድትመረመር የሚያስገድድ ምክንያት ነው።

መመርመር ማለት ግን ቢላ ላይ መውጣት ማለት አይደለም። ለንቅለ ተከላ ተልከው ሳይተከልላቸው የተመለሱ ልጆች አሉ። በደም ሥር የሚሰጠው ቅባት ከአኩሪ አተር ዘይት ወደ ዓሣ ዘይት ሲለወጥ የጉበቱ ጉዳት የሚሻሻልበት ጊዜ አለ፤ የሰፋውን ቀሪ አንጀት በቀዶ ሕክምና ማስረዘም ይቻላል፤ ቀሪው አንጀት ምግብን የተሻለ እንዲመጥ የሚረዳው ቴዱግሉታይድ የተባለ መድኃኒትም በአሜሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ1 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ተፈቅዷል። ቀድሞ ይተከልላቸው ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ በእነዚህ መንገዶች ይረዳሉ።

ስለ ውጤቱ በግልጽ ልንገርዎ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሞከሩት የአንጀት ንቅለ ተከላዎች አልሰመሩም፤ ለዘለቄታው የሠሩት የመጀመሪያዎቹ የተገኙት በ1988 እ.ኤ.አ. ገደማ በጀርመንና በካናዳ ሲሆን፣ ሕክምናው መልክ የያዘው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ታክሮሊመስ የተባለው መድኃኒት ከመጣ በኋላ ነው። ዛሬ ልምድ ባላቸው ማእከላት ከ10 ተቀባዮች 8 ያህሉ የመጀመሪያውን ዓመት ያልፋሉ፤ በአምስተኛው ዓመት በሕይወት የሚገኙት ግን ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላሉ። በሕይወት ከቆዩት ውስጥ አብዛኞቹ ከደም ሥር ምግብ ይላቀቃሉ። ከጉበት ጋር አብሮ የተተከለ አንጀት ለረጅም ጊዜ የመቆየት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑም ታውቋል፤ ጉበቱ ሌላውን አካል ከሰውነት ጥቃት የሚከላከል ይመስላል።

አንጀት ከኩላሊትና ከጉበት ይልቅ አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት ከራሱ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው። ከለጋሹ ሲመጣ እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም በላይ በባክቴሪያ የተሞላ ቱቦ ነው። የተቀባዩ ሰውነት ባዕዱን አንጀት ሲያጠቃ የውስጥ ሽፋኑ ይቆስላል፣ ባክቴሪያውም በቁስሉ በኩል ወደ ደም ይሻገራል። ሐኪሙን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው፤ ጥቃቱን ለማብረድ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው መድኃኒት ሊጨመር ይገባል፣ የደም መመረዙን ለማዳን ደግሞ ሊቀነስ ይገባል፣ ሁለቱም በአንድ ሌሊት በአንድ ልጅ ላይ ሊመጡ ይችላሉ። ከሚሞቱት መካከል ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘውም ኢንፌክሽን ነው።

የተተከለ ኩላሊት ሲጠቃ በደም ምርመራ የሚታይ ምልክት አለ፤ ለአንጀት ግን ያን ያህል የሚታመን የደም ምርመራ የለም። በዚህ ምክንያት ቀዶ ሐኪሙ የተተከለውን አንጀት ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ አውጥቶ ከረጢት ያለብሰዋል፤ በዚያ ቀዳዳ በኩል ቀጭን መመልከቻ እየገባ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል፣ ከሽፋኑ ቅንጣት ናሙና ይወሰዳል። ጤነኛ አንጀት በመመልከቻው ሲታይ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ፀጉር ያለው ይመስላል፤ ጥቃት ሲጀምር ፀጉሩ ይረግፋል፣ ሽፋኑ ይቀላል፣ ቁስል ይወጣበታል። ቤት ያለው ወላጅ ይህን አያይም። የሚያየው ከረጢቱን ነው። በየቀኑ ከረጢቱ የያዘው በመለኪያ ኩባያ ተለክቶ በደብተር ላይ ሲጻፍ ከቆየ፣ ትናንት ግማሽ ሊትር የነበረው ዛሬ አንድ ሊትር መሆኑ ከማንም በፊት ለእናት ወይም ለአባት ይታወቃል። ይህ የሰውነት ጥቃት ሊሆን ይችላል፣ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ተራ ተቅማጥም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ናሙናው ብቻ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር መደወል ያስፈልጋል። ብዙዎች የማይጠብቁት አንድ ነገር ልጨምር፦ ተቅማጥ ሲበረታ በደም ውስጥ ያለው ታክሮሊመስ ይወርዳል ብለው ይገምታሉ፤ የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፣ ይወጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

በልጆች ላይ በተለይ የሚፈራው በኤፕስታይን ባር ቫይረስ ምክንያት የሚመጣው የነጭ ደም ሕዋሳት ያልተገራ መራባት ነው። ትንንሽ ልጆች ቫይረሱን ከዚህ በፊት ስለማያውቁት፣ የመከላከያ አቅማቸው ተዳክሞ ሳለ መጀመሪያ ሲያገኛቸው ሊምፎማ ወደ ተባለው የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ የንፍፊት ማበጥና ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከታዩ በደም ምርመራ ይታያል። ሌላው ያልተለመደ ችግር የለጋሹ ነጭ ሕዋሳት በተራቸው ተቀባዩን ሲያጠቁ የሚመጣው ነው፤ በቆዳ ላይ ሽፍታና በአፍ ውስጥ ቁስል ሆኖ ይጀምራል። የኩላሊት ጉዳትም አለ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ሰፊ ጥናት ከአንጀት ተቀባዮች 21 በመቶ ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ሥር የሰደደ የኩላሊት ድክመት ደርሶባቸዋል፤ ከኩላሊት ውጭ ካሉት የንቅለ ተከላ ዓይነቶች ሁሉ ይህ ከፍተኛው ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ከአሁኑ ይጀመር፦ አፍ። በአፏ ሳትበላ ያደገች ልጅ አዲስ አንጀት ቢተከልላትም መብላት ላትፈልግ ትችላለች፤ ማንኪያ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ሐኪሟ የፈቀደውን ያህል፣ ጠብታም ቢሆን፣ በየቀኑ እንድትቀምስ ያድርጉ። በሕይወት ያሉ ግን የተዳከሙ ጀርሞችን የያዙ ክትባቶች ከንቅለ ተከላው በኋላ ስለማይሰጡም፣ ከዚያ በፊት የሚሟሉትን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት ሴት ነኝ። አንጀቴን በሚመግበው የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ አብዛኛው ትንሹ አንጀቴ ወጣ። ወንድሜ ከአንጀቱ ቆርጦ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነው። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን በጥቂት ማእከላት ብቻ ይደረጋል። ሕያው ለጋሽ ከአንጀቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ሊሰጥ ይችላል፤ አንድ ጎልማሳ በአማካይ 6 ሜትር ያህል ትንሹ አንጀት ቢኖረውም፣ ወንድምዎ ለጊዜውም ቢሆን ተቅማጥ ሊያገኘው ይችላል። አብዛኛው አንጀት የሚመጣው ከሞተ ለጋሽ ነው፤ ከተወሰደ በኋላም ሳይተከል ሊቆይ የሚችለው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የሕያው ለጋሽ ትልቁ ጥቅም ይህን ጊዜ ማሳጠሩና ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ማስቻሉ ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ከልጆቹ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ኤፕስታይን ባር ቫይረስን አስቀድመው ስላወቁት የሊምፎማው ስጋት ከልጆቹ ያነሰ ነው፤ በአንጻሩ ኩላሊታቸው በድርቀትና በዓመታት ቀስ በቀስ የተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከወንድምዎ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ኩላሊትዎ በደንብ ይመርመር። ከዚያ የሚከብደው የመጀመሪያው ደም ለምን እንደ ረጋ ማወቅ ነው፤ ደም ቶሎ የማርጋት የውርስ ዝንባሌ ካለብዎ ያው ምክንያት አዲሱንም አንጀት ሊያጠፋው ይችላል፤ ዝንባሌው በቤተሰብ የሚወረስ ከሆነ ደግሞ ወንድምዎም ሊኖርበት ስለሚችል ከመለገሱ በፊት እርሱም መመርመር አለበት።