ቤተሰቡ ዲዝኒ፣ እኔ ጎልፍ፦ ስለ ሜዳ አመራረጥ ጥያቄና መልስ

ልጆቻቸውን ወይም የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መዝናኛ ፓርኮች ለመሄድ ያሰቡና ከጉዞው ላይ ጥቂት ሰዓት ለጎልፍ ለመቀነስ የሚፈልጉ የወሎ ልጆች ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። መልስ የሰጡን ጋሼ የደሴ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በፍሎሪዳ በጎልፍ ሜዳ የሣር እንክብካቤ ሥራ ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል። ጠያቂዎችን በየከተማቸው ጠርተናል፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጎልፍ የለመድኩት አዲስ አበባ በሥራ ላይ ሳለሁ ነው። በታኅሣሥ ከልጄ ቤተሰብ ጋር ኦርላንዶ አንድ ሳምንት እንቆያለን። የልጅ ልጆቼ ማጂክ ኪንግደም ከሚባለው የዲዝኒ ፓርክ የሚወጡ አይመስለኝም፤ እኔ አንድ ዙር ብጫወት ይበቃኛል። በዲዝኒ ግቢ ካሉት ሜዳዎች የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ወሩን፣ አብሮዎት የሚጓዘውንና የሚፈልጉትን የዙር ብዛት ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሌሎቹም እንዲህ ቢጠይቁ ሥራዬ በቀለለ ነበር። ዲዝኒ በግቢው ውስጥ አራት ሜዳዎች አሉት። ማግኖሊያና ፓልም ፓርኩ ራሱ በ1971 ሲከፈት አብረው የተከፈቱ የጆ ሊ ንድፎች ናቸው፤ ሌክ ቡዌና ቪስታ በ1972 ተከተለ፤ ኦክ ትሬል ደግሞ በእግር የሚዞሩት ባለ 9 ቀዳዳ (የሙሉ ሜዳ ግማሽ) ትንሽ ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ማግኖሊያ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ከ1971 እስከ 2012 በዚያ ግቢ የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ዋና የባለሙያ ጎልፍ) ውድድር ሲካሄድ ኖሯል፣ ጃክ ኒክላውስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በተከታታይ አሸንፏል፣ ታይገር ዉድስም በ1996 እና በ1999 ዋንጫውን ወስዷል። በ6ኛው ቀዳዳ ላይ በሚኪ ማውስ ጭንቅላት ቅርጽ የተሠራው የአሸዋ ጉድጓድም ፎቶ ፈላጊውን ሁሉ ይስባል። ይሁን እንጂ ሜዳው ረጅም ነው፤ አሸዋውም ስለሚበዛ ኳሱን መሬት ለመሬት እያንከባለለ ግሪን (ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ አጥሮ የታጨደ ቦታ) ላይ ማድረስ የለመደ ሰው ይቸገርበታል።

ለእርስዎ የምመርጠው ፓልምን ነው። የዝነኛው ጎልፍ ተጫዋች የአርኖልድ ፓልመር የንድፍ ድርጅት በ2013 አድሶታል፤ ከማግኖሊያ ያጥራል፤ ውሃ ግን ስለሚበዛበት ሳያፍሩ ከፊተኛው ቲ (የመጀመሪያው ምት ከሚመታበት፣ ለቀዳዳው ከሚቀርበው መነሻ) ይነሡ። ሌላው ጥቅሙ ሥፍራው ነው፤ ከማጂክ ኪንግደም ሩቅ ስላልሆነ ጠዋት ጀምረው ሲጨርሱ ልጆቹን ያገኟቸዋል። በታኅሣሥ እዚያ ፀሐይ በእኛ ሰዓት 11 ተኩል ገደማ ስለምትጠልቅና አንድ ዙር አራት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ ዋጋው ረከሰ ብለው የከሰዓቱን ተራ አይያዙ፤ የመጨረሻዎቹን ቀዳዳዎች ሳይጫወቱ ይመሽብዎታል። ከመክፈልዎ በፊትም ግሪኖቹ የሚወጉበትን ቀን ይጠይቁ። በታኅሣሥ እምብዛም አያጋጥምም፤ ቢሆንም ልማድ ያድርጉት።

ከኮምቦልቻ፦ ከሁሉም የሚሻለው ሜዳ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለማን? በየትኛው ወር? ከማን ጋር? ይህን ሲነግሩኝ እመልሳለሁ።

ከወልድያ፦ እኔም የምጫወተው ለሥራ አዲስ አበባ ስመላለስ ነው። ኦርላንዶ ደርሶ የመጣ ወዳጄ ኳሱ ሁሉ አጥሮበት እንደሰነበተ ነገረኝ። የተከራየው ዱላ ይሆን?

መልስ፦ ዱላው አይደለም፣ አየሩ ነው፤ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ስጠብቅ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፣ ደሴ ደግሞ እርሷንም ትበልጣለች፤ ኦርላንዶ ግን 30 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ያነሰ ነው፤ ወደዚያ ሲወርዱ ያው ምት፣ ያው ዱላ፣ ወፍራም አየር ይገጥመዋል። ባለሙያዎች የሚሠሩበት ግምት በየ300 ሜትር ከፍታ ከአንድ በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የሚወርድ ተጫዋች ከ8 እስከ 9 በመቶ ያህሉን ያጣል። እዚህ በ7 ቁጥር አይረን (ከብረት ዱላዎቹ አንዱ ነው) 150 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) የሚመታ ሰው እዚያ 138 አካባቢ ይወድቅበታል። ይህ የአንድ ዱላ ልዩነት ነው፤ ግሪኑ ፊት ለፊት ውሃ ካለ ደግሞ ኳሱ ጠፋ ማለት ነው። በዚህ ላይ፣ በስስ አየር ቀጥ ብሎ ይሄድልዎት የነበረው ኳስ እዚያ ወደ ጎን ይበልጥ ይታጠፋል፤ ስለዚህ በዛፍ የጠበበ ሜዳ ከጠበቁት በላይ ይጠብዎታል።

ይህ ከሜዳ ምርጫ ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ተጫዋች የሚስማማውን የሜዳ ርዝመት ለመገመት በ5 ቁጥር አይረን የሚመታውን ርቀት በ36 ማባዛት የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ላይ 160 ያርድ የሚመታ ሰው ሲያባዛ 5,760 ያርድ ያገኛል። ኦርላንዶ ላይ ግን ያ ምት 147 ያርድ ስለሚሆን የሚስማማው ሜዳ 5,292 ያርድ ነው። ልዩነቱ አንድ ረጅም ቀዳዳ ያህላል። የውጤት ካርዱ ላይ የሜዳውን ስም ሳይሆን የእያንዳንዱን ቲ ርዝመት አይተው ይምረጡ፤ እዚህ የለመዱትን ርቀት ይዘው ግን አይሂዱ።

ከኮምቦልቻ፣ ሌላ ጠያቂ፦ በዚያ ላይ እርጥበቱን አይርሱ፤ የፍሎሪዳ አየር በውሃ የተሞላ ስለሆነ ከብዶ ኳሱን ያወርደዋል።

ከመርሳ፦ ይቅርታ፣ የፊዚክስ መምህር ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። የውሃ ሞለኪውል ክብደት 18 ሲሆን የደረቅ አየር አማካይ 29 ያህል ነው፤ ትነት ሲገባበት ከባዱን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ሙቀቱና ግፊቱ እኩል ከሆነ እርጥብ አየር ይቀላል እንጂ አይከብድም።

ከኮምቦልቻ፣ ሌላ ጠያቂ፦ መምህር፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሠራ ሰው እርጥብ አየር መክበዱን ከመጽሐፍ አይማርም።

ከመርሳ፦ ለእርስዎ የከበደዎት ላብዎ አልደርቅ ስላለ ነው፤ ኳስ ደግሞ አያልበውም።

መልስ፦ መምህሩ ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ ግን በአንድ ምት አንድ ያርድ ቢሆን ነው። ከፍታው 12 ያርድ ሲወስድብን በአንድ ያርድ አንከራከር። ወደ ሜዳ ምርጫ እንመለስ።

ከሐይቅ፦ አቡዳቢ ሠርቻለሁ፤ ልጆቼን ወደ ያስ ደሴት ለመውሰድ አስቤያለሁ። ኦርላንዶ ሩቅ ነው፤ እዚያ ጎልፍ ይኖራል?

መልስ፦ አለ፣ ጥሩም ነው። ያስ ሊንክስ በካይል ፊሊፕስ ተነድፎ በ2010 የተከፈተ፣ ባሕሩን ተከትሎ የሚሄድ ሜዳ ሲሆን፣ ፌራሪ ወርልድ፣ ዋርነር ብራዘርስ ወርልድና ሲወርልድ እዚያው ደሴት ላይ ናቸው፤ ዲዝኒም በደሴቱ ላይ ፓርክ እንደሚከፈት በ2025 አስታውቋል። ቤተሰብን ሳይበታትኑ ለመጫወት ከዚህ የቀረበ አላውቅም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ሙቀት ግን ቀን ቀን አይሞክሩት፤ መብራት ያለውን አጭሩን ባለ 9 ቀዳዳ ሜዳ ማታ ይጫወቱ። ነፋሱም ከባሕር ስለሚመጣ ከፊተኛው ቲ ይነሡ። ግሪኖቹ የሚወጉበትን ቀን እዚያም ይጠይቁ።

ከውጫሌ፦ ስንት ያስከፍላሉ?

መልስ፦ ዋጋው እንደ ቀኑ፣ እንደ ሰዓቱና እንደ ወሩ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የምነግርዎ ነገ ሐሰት ይሆናል። በፍሎሪዳ ክረምታቸው (ታኅሣሥና ጥር አካባቢ) ውድ፣ በጋቸው (ሐምሌና ነሐሴ አካባቢ) ርካሽ ነው፤ ረፋድ ውድ፣ ማምሻው ርካሽ ነው።

ከከሚሴ፦ ጋሼ፣ የዙህር ሰላት እንዳያልፈኝ እንዴት ላድርግ? ሐላል ምግብስ በሜዳው ይገኛል?

መልስ፦ ጎህ ሲቀድ ያለውን የመጀመሪያ ተራ ይያዙ፤ ቀትር ሳይሆን ጨርሰው ይወጣሉ፣ አብሽሩ። የምግቡን ነገር ሆቴልዎን ይጠይቁ።

ከደሴ፣ እናት፦ እኔ ጎልፍ አልጫወትም። ባለቤቴ ከአምስቱ ቀን ሦስቱን ለጎልፍ ሊይዝ ነው። ሁለት ሕፃናት ይዤ በዚያ ሙቀት ብቻዬን ሰልፍ ልቁም ማለት ነው?

ከኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ሦስት ቀን ቢጫወት ምን አለበት?

ከሐይቅ፦ እርሷስ ዓመቱን ሙሉ ተኝታ ነው የከረመችው? ቪዛውንና ትኬቱን የጨረሰችው ማን ይመስልሃል?

ከኮምቦልቻ፦ እኔ እንዲያ አልወጣኝም።

መልስ፦ የባልና ሚስት ሽምግልና ውስጥ አልገባም፤ ደሴ ላይ ከእኔ የተሻሉ ሽማግሌዎች አሉ። በሜዳ በኩል የምለው ግን አለኝ። በአምስት ቀን ሦስት ዙር 18 ቀዳዳ ሦስት ግማሽ ቀን ያህል ይበላል። አንዱን ዙር ይተዉትና ከልጆቹ ጋር ፋንታዥያ ጋርደንስ ወደሚባለው የሚኒ ጎልፍ ቦታ ይሂዱ፤ ሁለተኛውን ወደ ኦክ ትሬል ባለ 9 ቀዳዳ ይቀይሩት። ያኔ እርስዎም ሰልፍ ላይ ብቻዎን አይቀሩም፣ እርሱም ጎልፉን አያጣም።

ከውጫሌ፦ ግሪኖቹ የሚወጉበትን ቀን ጠይቁ እያሉ ደጋግመዋል። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ይህ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ። በፍሎሪዳ ሜዳዎች የሚበዛው የሣር ዓይነት ቤርሙዳ ነው፤ ሙቀት ይወዳል። ግሪን በየቀኑ ይታጨዳል፣ በየቀኑ ይረገጣል፤ ሥሩ ሥር አፈሩ ይጠጥራል፣ የሞተው ሥርና ቅጠልም ተከምሮ ውሃና አየር እንዳያልፍ ይዘጋል። ስለዚህ ሣሩ በርትቶ በሚያድግበት በበጋቸው፣ ባዶ ቱቦ የመሰሉ ጥርሶች ያሉት መኪና ግሪኑን ከዳር እስከ ዳር እየወጋ ይሄዳል። ከየቀዳዳው እንደ እርሳስ የቀጠነ የአፈር ቁራጭ ይወጣል፤ ቁራጩ ይጠረጋል፣ አሸዋ ይነሰነሳል፣ በብሩሽ እየተገፋ ቀዳዳው ይሞላል። ሥራው ሲያልቅ ግሪኑ በነጠብጣብ የተሞላ አሸዋማ መሬት ይሆናል፤ ኳሱን በቀስታ ሲገፉት ይንቀጠቀጣል፣ ከመስመሩም ይወጣል። እስኪያገግም ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ሥራው ግዴታ ነው፤ የማይወጋ ግሪን እየደከመ ይሄዳል። ችግሩ እንግዳው ሳያውቅ መምጣቱ ነው። አንዳንዱ ሜዳ ዋጋ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ አይቀንስም፤ ድረ ገጽ ላይ ያለው ፎቶ ግን በማንኛውም ወር ያው አረንጓዴ ነው። ስልክ ደውለው «ግሪኖቹ መቼ ነው የሚወጉት? ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ሆኖታል?» ብለው ይጠይቁ። ቀኑ ከጉዞዎ ጋር ከተጋጨ ሌላ ሜዳ ይምረጡ፤ ብዙ ሜዳ ያለው ድርጅት ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይወጋም። ዝነኛ ሜዳ ተወግቶ ከመጫወት፣ ስሙ ያልታወቀ ሜዳ በደህና ግሪን መጫወት ይሻላል። ይህን ስል ማግኖሊያን እየነቀፍኩ አይደለም።

ከኮምቦልቻ፦ እሺ፣ በዝርዝር ልጠይቅ። በሐምሌ እንሄዳለን፤ ልጆቼ 10 እና 12 ዓመታቸው ነው፣ ዱላ ይዘው አያውቁም። እኔ መካከለኛ ነኝ። አብረውኝ እንዲጫወቱ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ኦክ ትሬል፣ ጠዋት፣ በእግር። ሐምሌ ላይ ከሰዓት ማንኛውንም ሜዳ አይያዙ። የፍሎሪዳ ምድር በሁለት ባሕር መካከል የገባ ነውና ከሁለቱም ወገን የሚነሣው እርጥብ ነፋስ መካከል ላይ ተገናኝቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እንደ ደሴ ክረምት ሰማዩ ሲጠቁር አይቼ እጠለላለሁ አይበሉ፤ መብረቁ ዝናቡን ቀድሞ ይመጣል። አንድ ረጅም የጥሩምባ ድምፅ ሲሰሙ ጨዋታው ወዲያው ቆሟል ማለት ነው፤ ዱላውን ጥለው ወደ ቤት ውስጥ ይግቡ፣ ዛፍ ሥር አይቁሙ። ሐምሌ ደግሞ የመውጊያው ወራት ስለሆነ ቀኑን ይጠይቁ።

ከወልድያ፣ ሌላ ጠያቂ፦ ምርጡ ሜዳ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ከደሴ፦ አርኖልድ ፓልመር ይኖርበት የነበረው ቤይ ሂል ላይ መጫወት ይቻላል?

መልስ፦ አባል ካልሆኑ ወይም አባል ካልጋበዘዎት በማረፊያው ማደር ይኖርብዎታል። የዲዝኒ ሆቴል ከፍለው እዚያም ለመክፈል ካላሰቡ ይተዉት። ከዲዝኒ ወጣ ማለት ለሚፈልግ ሰው ሮበርት ትሬንት ጆንስ ከልጁ ጋር የነደፈው የሴሌብሬሽን ሜዳ ቅርብ ነው።

ከላሊበላ፦ አስጎብኚ ነኝ፤ የራሴን ዱላ ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያ ልከራይ?

መልስ፦ ለአንድ ዙር ይከራዩ፤ ለሦስትና ከዚያ በላይ ይዘው ይሂዱ። ጫማዎን ግን በማንኛውም ሁኔታ ይዘው ይሂዱ። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይልበሱ፤ ጂንስ አይልበሱ።

ከላሊበላ፦ ኳሴ ውሃ ዳር ቢወድቅስ?

መልስ፦ ይተዉት። በፍሎሪዳ ውሃ ባለበት ሁሉ አሊጌተር አለ ብለው ይነሡ፤ በዱላም አይጎትቱት፣ ልጅም አይላኩ። ቅጣቱ አንድ ምት ነው፤ ሌላ ኳስ ያውጡ።