ጥያቄና መልስ፦ ስለ ጣት ጫፍ፣ ስለ መስታወትና ስለ እልልታ

ባለፈው ስለ ባሌት፣ በጣት ጫፍ ስለሚደነሰው የመድረክ ዳንስ፣ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ደብዳቤው ጎረፈ። እንግዲህ ራሴ ነኝ ያመጣሁት።

«ባሌ» ነው የሚባለው ወይስ «ባሌት»?

ባሌት። ባሌ አገር ነው፤ ያገባች ሴት ካለችው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

በጣታቸው ጫፍ የሚቆሙት ጫማው ውስጥ ብረት ስላለ ነው አይደል?

አይደለም፤ እንጨትም የለውም። ጫፉ በሙጫ የደረቀ ጨርቅና ወረቀት ነው፣ ከላዩ ሳቲን ይለብሳል። ሪባኑን አብዛኛውን ጊዜ ዳንሰኛዋ ራሷ ናት የምትሰፋው። አዲሱን ጫማ ታጥፈዋለች፣ መድረክ ላይ እንዳይንኳኳ ከግድግዳ ጋር ትደበድበዋለች። ትርኢቱ ከባድ ከሆነ ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ምሽት ያልቃል።

ዕድሜዬ 27 ነው፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ረፍዶብኛል?

ለመድረክ፣ አዎ። ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የቫጋኖቫ የባሌት አካዳሚ ልጆችን የሚቀበለው በ10 ዓመት ገደማ ነው። ሚስቲ ኮፕላንድ በ13 ዓመቷ ጀምራ፣ ያም ዘግይታ ነው የሚባልላት፤ እሷ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን ባሌት ቲያትር የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ዋና ዳንሰኛ ሆነች። ለራስህ ደስታ ከሆነ ግን ነገውኑ ተመዝገብ። ጉልበትህን ካመመህ ሐኪም አሳይ፤ ያው እንደተለመደው።

ከጀርመን የጻፈችልኝ የ19 ዓመት ዳንሰኛ ነች። ደብዳቤዋ ሦስት ገጽ ነው፣ ላሳጥረው። ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሲያመሰግኗት አታምንም፤ ቀለል የሚላት ሲያርሟት ብቻ ነው። «ዳንሱን እወደዋለሁ ወይስ ማቆም ፈርቼ ነው?» ትላለች። ከፊርማዋ በታች ደግሞ፦ «በነገራችን ላይ የወር አበባዬ ከቀረ አምስት ወር ሆነው። ቅልጥሜም ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል።»

ልጄ፣ «በነገራችን ላይ» ያልሽው ነው ዋናው ደብዳቤ። ብዙ ዳንሰኞች የወር አበባ ሲቀር የጥንካሬ ምልክት ይመስላቸዋል። አይደለም። ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ሲበላ ሆርሞኑን ይቀንሳል፣ አጥንትም ይሳሳል። በዚህ ላይ ቅልጥም ሲጠዘጥዝ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ከትርኢቱ በኋላ ሳይሆን በዚህ ሳምንት፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስንት ሰዓት እንደምትሠሪና ምን እንደምትበዪ ሳትቀንሺ ንገሪ። እስኪታይ ዝላይ የለም። እኔ በ20 ዓመቴ በተሰነጠቀ ቅልጥም ሦስት ሳምንት ስዘል መምህሬ «ጀግና!» ትለኝ ነበር። ያቺ ጀግና ዛሬ አምድ ትጽፋለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ምስጋና የማታምኚው ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚያርመው ተስፋ የጣለባትን ነው፤ ዝም ያላት «ተስፋ ቆረጠብኝ» ትላለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ከኖርሽ «ጎበዝ» ማለት «አላየሁሽም» ሆኖ ይሰማሻል። መስታወቱም ይጨመርበታል። ጠዋት ባሩን፣ ያንን የእጅ መደገፊያ ዘንግ፣ ይዘሽ ስትቆሚ የምታዪው ፊትሽን አይደለም፤ ዳሌሽን፣ ትከሻሽን፣ ያልተዘረጋውን ጉልበትሽን ነው። ደግሞ ባሌት መድረሻ የሚባል ነገር የለውም። እንግሊዛዊቷ ዳንሰኛ ማርጎት ፎንቴይን በ1962 እ.ኤ.አ. ከሩሲያዊው ዳንሰኛ ከኑሬየቭ ጋር «ጂዜል» የተባለውን ባሌት ስትደንስ 42 ዓመቷ ነበር፤ ስሟ ዓለምን ከሞላ በኋላም ቀኑ የሚጀምረው ጀማሪዋ ከምትሠራው ፕሊዬ፣ ማለትም ጉልበትን ከማጠፍ፣ ነው። «ስደርስ ደስ ይለኛል» እያልሽ ከሆነ ብዙ ትጠብቂያለሽ።

መውደድሽን ለማወቅ አንድ ነገር ሞክሪ፤ ሐኪሙ ከፈቀደልሽ በኋላ ግን። ለመስታወቱ ጀርባሽን ሰጥተሽ አንድ ሙሉ የክፍል ልምምድ ሥሪ። መጀመሪያ ትደነግጫለሽ። ከዚያ ሙዚቃው ከተሰማሽ ጻፊልኝ። ካልተሰማሽም ጻፊልኝ።

ከሜሪላንድ አንዲት እናት፦ በልጄ የባሌት ትርኢት ላይ እልል ማለት ነውር ነው?

ባሌት ላይ በመሃል ማጨብጨብ የተለመደ ነው፤ «ብራቮ» የሚጮኹም አሉ። እልልታን የሚከለክል ሕግ አላየሁም። ግን ልጅዎ 14 ዓመቷ ነው ብለውኛል፤ እሷን ያስፈቅዱ። መልሱን ከአሁኑ ገምቼዋለሁ።