ጥፋቱ የጠመንጃው ነው ወይስ የካዝናው? የዒላማ ተኳሾች ጥያቄና መልስ

ለዛሬ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከፊል አውቶማቲክ የስፖርት ጠመንጃ ካዝናን የሚመለከቱ ናቸው። ተኳሾች ለአፈሙዝና ለመነጽር ብዙ ገንዘብና ሐሳብ ያወጣሉ፤ ካዝናን ግን እንደ ጥይት መያዣ ሣጥን ብቻ ስለሚቆጥሩት በእጃቸው የገባውን ይዘው ይሄዳሉ። በእኔ እምነት ካዝና የጠመንጃው አንዱ የሚሠራ አካል ስለሆነ የሚመረጠውም በዚያው ጥንቃቄ መሆን አለበት።

ጠመንጃዬ በየአሥር ወይም በየአሥራ አምስት ጥይቱ ይቀረቅራል። ወደ ባለሙያ ልውሰደው ወይስ አዲስ ካዝና ልግዛ?

ሁለቱንም ከማድረግዎ በፊት ካዝናዎችዎን ቁጥር ይስጧቸው። በማይለቅ ቀለም በታችኛው ክዳን ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለው ይጻፉና በሚቀጥለው ልምምድ ጥይት በተቀረቀረ ቁጥር የትኛው ካዝና እንደነበረ ይመዝግቡ። ችግሩ ሁልጊዜ አንዱን ቁጥር ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ የካዝናው ነው፤ በሁሉም ላይ እኩል የሚታይ ከሆነ ግን ጥይቱን መቀየር፣ ካልሆነም ጠመንጃውን ማስመርመር ተገቢ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ጥይት ሲተኮስ የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል። ቦልቱ (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ተንሸራታች ብረት) ወደ ኋላ ሄዶ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥልና በራሱ ሞላ ተገፍቶ ወደ ፊት ይመለሳል፤ በዚያች ከዓይን ጥቅሻ ባነሰች ጊዜ ውስጥ የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ሽቅብ ገፍቶ በቦልቱ መንገድ ላይ ማቅረብ፣ የካዝናው ከንፈሮች (ወደ ውስጥ የታጠፉት የአፉ ጠርዞች) ደግሞ ጥይቱን በትክክለኛው ከፍታና ማዕዘን ይዘው ማቆየት አለባቸው። ሞላው ከደከመ ቦልቱ ጥይቱን ሳይነካ አልፎ ባዶ ቦታ ላይ ይዘጋል። ከንፈሮቹ ከተከፈቱ ጥይቱ ቀድሞ ይዘልና አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሎ ይቀረቀራል።

እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ሦስት ካዝናዎች ነበሩኝ፤ ከእነርሱ አንዱ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ የሲሚንቶ ወለል ላይ በአፉ አርፎ ነበር። አቧራውን ጠርጌ መልሼ ተጠቀምኩበትና ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጥይቱን ስቀይር፣ ጠመንጃውን ፈትቼ ስገጥም ቆየሁ። በመጨረሻ ሦስቱን ካዝናዎች ጎን ለጎን አድርጌ ከላይ ወደ ታች በብርሃን ሳያቸው የወደቀው የቀኝ ከንፈሩ ከወንድሞቹ በጥቂቱ ወደ ውጭ መከፈቱን አየሁ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር ሳላስተያይ ለብቻው ብመለከተው ኖሮ አላስተውለውም ነበር። በጉጠት ላቀናው ሞክሬ አልተሳካልኝም። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ከንፈሩ የተጣመመን ካዝና ለማቃናት አይድከሙ፣ ከአገልግሎት ያውጡት።

የብረት፣ የአሉሚኒየም ወይስ የፕላስቲክ ካዝና ይሻላል?

የብረት ካዝና ከንፈሩ ጠንካራ ነው፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሆኖም ይከብዳል፣ ካልተጠበቀም ይዝጋል። አሉሚኒየም ቀላል ሲሆን ሲወድቅ ወይም ሲረገጥ በቀላሉ ይጎብጣል፤ የከፋው ነገር ደግሞ ትንሹ ጉብጠት ሳይታይ ውስጥ ያለውን የጥይት መግፊያ ምላስ ሊያስይዘው መቻሉ ነው። ጥሩ የሚባለው የፕላስቲክ ካዝና ሲመታ ተጣጥፎ ወደ ቅርጹ የመመለስ ጠባይ ስላለው ወይ ይሠራል፣ ወይ ይሰነጠቃል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም ስንጥቅ በዓይን ይታያል። በአንጻሩ ሙሉ ጥይት እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከንፈሩ በግፊቱ ቀስ በቀስ ሊከፈት ይችላል፤ አንዳንድ አምራቾች ጥይቱን ከከንፈሩ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ክዳን አብረው የሚሸጡት ስለዚህ ነው።

ለኤአር-15 ዓይነት ጠመንጃ አንድ ምረጥ ብባል ስሙ የታወቀ አምራች የሠራውን የፕላስቲክ ካዝና እመርጣለሁ። ሆኖም ከዕቃው ዓይነት በፊት የጠመንጃዎ አምራች የሚሰጠው ካዝና ካለ በእርሱ ይጀምሩ፤ ሌላውን የሚያወዳድሩበት መለኪያ ይሆንዎታል።

ባለ ሠላሳ ጎራሽ ልግዛ ወይስ ባለ አሥር?

መጀመሪያ ሕጉን ይመልከቱ። የጎራሽ ቁጥር ገደብ ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ በካናዳ ለአብዛኞቹ መካከለኛ መቺ (ግርጌው መሃል ላይ ተመቶ የሚተኮስ) ጥይት ለሚጠቀሙ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች የተፈቀደው 5 ጥይት ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ለዚሁ ዓይነት ረጅም መሣሪያ 10ን መነሻ ያደርጋል። ገደቡን ለመጠበቅ በፋብሪካ የተመታ ብሎን ወይም ሚስማር ያለበት ካዝና ከገዙ እንዳለ ይተዉት።

ከሕጉ ባሻገር ጉዳዩ የአተኳኮስ ነው። በሆድዎ ተኝተው ወይም ሰደፉን በጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የሚተኩሱ ከሆነ ረጅሙ ካዝና መሬቱን ወይም ጠረጴዛውን ስለሚነካ ጠመንጃውን ከፍ አድርገው እንዲይዙ ያስገድድዎታል፤ ይህም የትከሻና የጉንጭ አያያዝን ያበላሻል። ለትክክለኛነት ልምምድ አምስት ወይም አሥር ጎራሽ ይበቃል፤ ባለ አሥር ጎራሹ ደግሞ ተኩሱን በቡድን በቡድን ከፍሎ ዒላማውን ለመመርመር ያመቻል።

በ.22 ጠመንጃዬ ላይ ከሌላ አምራች የገዛሁት ረጅም ካዝና አይሠራልኝም። ለምን?

የ.22 ጥይት ከግርጌው ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። ጥይቶቹ በቀጥታ ሲደራረቡ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ከገባ እርስ በርሳቸው ተያይዘው አይንቀሳቀሱም፤ ካዝናው በረዘመ ቁጥር ይህ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ላይ የዋለው ሩገር 10/22 ችግሩን የፈታው ጥይቶቹን በሚዞር ከበሮ ዙሪያ እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ጎድጓዳ በማስቀመጥ ነው፤ ያ አሥር ጎራሽ ካዝና እስከ ዛሬ ተፈላጊነቱ ያልቀነሰው ስለዚህ ይመስለኛል። በእርስዎ ካዝና ጥይት ሲሞሉ እያንዳንዱ የላይ ጠርዝ ከታችኛው ፊት መቀመጡን እያዩ ቀስ ብለው ይሙሉ።

ጥይት እንደያዘ ባስቀምጠው ሞላው ይደክማል?

በደንብ የተሠራን ሞላ የሚያደክመው ተጨምቆ መቀመጡ ሳይሆን መጨመቅና መለቀቅ መደጋገሙ፣ እንዲሁም ካዝናው ከተሠራበት ቁጥር በላይ ጥይት መጨመሩ ነው። ቢሆንም ለስፖርት የሚውል ካዝና ሞልቶ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም፤ ባዶውን ይቆልፉበት፣ ጥይቱንም ለብቻው።

ባለ .223 እና ባለ .300 ብላክአውት ሁለት ጠመንጃዎች አሉኝ። ካዝናው አንድ ዓይነት ነው ተባልኩ፤ ለሁለቱም ልጠቀምበት?

የነገሩዎት ትክክል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ትክክል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ደረጃ የወጣለት .300 ብላክአውት ሆን ተብሎ በ.223 ካዝናና ቦልት እንዲሠራ የተዘጋጀ ጥይት ነው፤ ቀለሁ የ.223 ቀለህ አጥሮ፣ እርሳሱ ግን 7.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። የ.223 አፈሙዝ የሚያሳልፈው እርሳስ 5.7 ሚሊ ሜትር ነው። የ.300 ጥይት የያዘው ካዝና በስህተት በ.223 ጠመንጃ ላይ ከተሰካ ልክ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቦልቱም ሊዘጋ ይችላል፤ ቃታው ሲሳብ ግን ወፍራሙ እርሳስ በቀጭኑ አፈሙዝ ማለፍ ስለማይችል ግፊቱ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው፣ ተኳሹንና አጠገቡ ያለውን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ የካዝናዎቹ ቅርጽ አንድ ቢሆንም ቀለማቸው አንድ አይሁን። ለ.300 በጨለማም በጣት ሲዳሰስ የሚለይ፣ ለምሳሌ ወፍራም የጎማ ቀለበት ያለበት ወይም ፈጽሞ ሌላ ቀለም ያለው ካዝና ይመድቡ። ከዚያም በላይ፣ ከቻሉ ሁለቱን ጠመንጃዎች በአንድ ቀን ወደ ተኩስ ሜዳ አይውሰዷቸው፤ ከወሰዱም የአንዱን ጥይት፣ ካዝናና ጠመንጃ በሙሉ ሰብስበው ቦርሳ ውስጥ ሳያስገቡ የሌላውን አያውጡ።

ካዝናውን ካወጣሁ ጠመንጃው ባዶ ነው ማለት ነው?

አይደለም። አፈሙዙ ግርጌ ባለው ክፍል የጎረሰው ጥይት ካዝናው ሲወጣ እዚያው ይቀራል፤ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ ከዚያ ቦልቱን ወደ ኋላ ስበው ክፍሉን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ቦልቱ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል።

ካዝናዬን ዘይት ልቀባው?

የፕላስቲክ ከሆነ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። የብረት ከሆነ ዝገት እንዳይዘው እጅግ ስስ የሆነ ዘይት ቀብተው መልሰው ይጥረጉት፤ ውስጡ የሚቀር ዘይት አቧራና የባሩድ ጥላሸት ይሰበስባል፣ ወደ ጥይቱም ሊሰርግ ይችላል። የታችኛውን ክዳን ሲከፍቱ መነጽር ያድርጉ፣ መዳፍዎንም ከክዳኑ ላይ አያንሱ፤ ሞላው የሚወጣው በኃይል ነው። ሲመልሱት ሞላው ቀድሞ ወደነበረበት አቅጣጫ መግባቱን እንዲያረጋግጡ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት።