ከክፍያው በፊት ምርመራው

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ በሥራ ላይ እገኛለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የአየር መንገድ አብራሪ የመሆን ፍላጎት ስለነበረኝ ለትምህርቱ የሚሆን ገንዘብ ለጥቂት ዓመታት ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። በቅርቡ የጎበኘሁት አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ጠቅላላውን ክፍያ አስቀድሜ ከከፈልኩ ቅናሽ እንደሚያደርግልኝ ነግሮኛል። የዓይን መነጽር አደርጋለሁ፤ ይህ እንቅፋት ይሆንብኝ ይሆን? ሥራዬን ሳልለቅ በትርፍ ሰዓቴ ብማር ይሻላል ወይስ ሙሉ ጊዜዬን ሰጥቼ ልግባ? ለመሆኑ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሌሎቹም መልስ በእርሱ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እነሳለሁ። ለማንኛውም ትምህርት ቤት አንዳች ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ዕውቅና ወደሰጠው ሐኪም ሄደው የአንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ እንዲያወጡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ለግሉ ለሚያበር ሰው ሁለተኛ ደረጃው ይበቃዋል፤ ተከፍሎት መንገደኛ ለሚያጓጉዝ አብራሪ ግን አንደኛ ደረጃው ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ የሚጠይቀው ሁለተኛ ደረጃውን ብቻ ስለሆነ ብዙ ጀማሪዎች ከበድ ያለውን ምርመራ «ሲደርስ ይታያል» ብለው ያቆዩታል። በአሰልጣኝነት ዘመኔ ካስተማርኳቸው አንዱ ይህንኑ አድርጎ፣ ካጠራቀመው ከግማሽ በላይ ካወጣ በኋላ በልብ ምርመራው ላይ በታየ ችግር አንደኛ ደረጃውን ተከለከለ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ያን ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም ሆነ ሁለት ዓመቱ በእጁ ይቀሩለት ነበር፤ ጥያቄዎን ሳነብ ትዝ ያለኝም እርሱ ነው።

መነጽርዎ በራሱ አያስቀርዎትም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያወጣው መለኪያ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9 (ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት)፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ደግሞ 6/6 (ሙሉ የሚባለውን ዕይታ) እንዲያዩ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ይህ በመነጽር ታግዞ ቢገኝም ተቀባይነት አለው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅብዎት በበረራ ላይ መነጽሩን ማድረግና ተለዋጭ መነጽር በቅርብ መያዝ ነው። ይልቅስ ቀለም የመለየት ችሎታዎን ቀድመው ይፈተኑ። ባለ ነጠብጣብ ሰሌዳዎች ቀርበውልዎት በውስጣቸው የተሰወረውን ቁጥር እንዲያነቡ ይጠየቃሉ፤ በቀይና በአረንጓዴ መካከል መለየት የሚቸገሩ ሰዎች ይህን ብዙውን ጊዜ ሳያውቁት የሚኖሩ በመሆናቸው ውጤቱ ድንገተኛ ይሆንባቸዋል። የመጀመሪያውን ሰሌዳ ያላለፈ ሰው በብዙ አገሮች ተጨማሪ ፈተና የመውሰድ ዕድል አለው።

ማረጋገጫው በእጅዎ ከገባ በኋላ አንድ የሙከራ በረራ ይያዙ። ፍላጎትዎ እንዳለ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የመንገደኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ መብረርና መሪ ይዞ መብረር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚያ ቀን ከሞተሩ ይልቅ ከመነሳት በፊት የሚደረገውን ፍተሻ ልብ ብለው እንዲያዩ እፈልጋለሁ። አሰልጣኙ ከክንፉ ሥር ካለችው ማንጠፍጠፊያ ጥቂት ነዳጅ ወደ ጠራ ብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። በአነስተኛ አውሮፕላኖች የሚሠራበት በተለምዶ መቶ ሎው ሌድ የሚባለው ቤንዚን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ከነዳጁ ስለሚከብድ ከብርጭቆው ግርጌ ቀለም የሌለው ኳስ መስሎ ይቀመጣል። ያ ኳስ ወደ ሞተሩ ቢደርስ፣ አውሮፕላኑ ከመሬት በተነሳ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ፍተሻ በእያንዳንዱ ቀን፣ ማንም ሳያይዎት፣ በብርድና በድካም ጊዜ ጭምር ለሃምሳኛ ጊዜ በተመሳሳይ ጥንቃቄ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆንዎን ራስዎን ይጠይቁ፤ በእኔ ዕይታ ከእጅ ቅልጥፍና ይልቅ ተማሪን ከተማሪ የሚለየው ይህ ነው።

ወደ መንገዶቹ ስንመጣ፣ በአብዛኛው ዓለም ሦስት ናቸው። አንደኛው ከዜሮ ጀምሮ በአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ጊዜ ሰጥቶ የሚወሰድ የተቀናጀ ሥልጠና ሲሆን፣ ሁለተኛው ፈቃዶቹን አንድ በአንድ፣ እንደ አቅምና ጊዜ እያወጡ የሚሄዱበት ነው። ሦስተኛው የብዙ አብራሪዎች ፈቃድ (በእንግሊዝኛ መልቲ-ክሩ ፓይለት ላይሰንስ) ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ፣ ቢያንስ 240 ሰዓት የእውነተኛና የሲሙሌተር (በምድር ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ መሣሪያ) በረራ የሚጠይቅና ከመጀመሪያው ለረዳት አብራሪነት የሚያሰናዳ ነው፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ከአንድ አየር መንገድ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ያ አየር መንገድ ቅጥር ቢያቆም ተማሪው መካከል ላይ ሊቀር ይችላል።

እንደ ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መለኪያ የግል አብራሪ ፈቃድ 17 ዓመት ዕድሜና 40 ሰዓት በረራ፣ የንግድ አብራሪ ፈቃድ 18 ዓመትና 200 ሰዓት፣ ዕውቅና ባለው የተሟላ ሥልጠና ከሆነ ደግሞ 150 ሰዓት፣ የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ 21 ዓመትና 1500 ሰዓት ይጠይቃሉ። በብዙ አገሮች የንግድ ፈቃድ፣ ውጭው በማይታይበት ጊዜ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ብቃትና የሁለት ሞተር ብቃት ያለው ሰው በረዳት አብራሪነት ሊቀጠር ይችላል፤ በአሜሪካ ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ረዳት አብራሪውም ጭምር፣ ለአንዳንድ ተመራቂዎች ከሚደረገው ቅናሽ በቀር፣ 1500 ሰዓት እንዲኖረው ይገደዳል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ከመምረጥዎ በፊት ወደፊት የት መሥራት እንደሚፈልጉና የዚያ አገር ባለሥልጣን የትኛውን ፈቃድ እንደሚቀበል ያጣሩ። እነዚህ ቁጥሮች ዝቅተኛ መነሻዎች መሆናቸውንም አይርሱ፤ የግል ፈቃዱን በ40ው ሰዓት የሚጨርስ ተማሪ ጥቂት ነው፤ በጀትዎን በዝቅተኛው ቁጥር ላይ ካሰሉ መጨረሻው ላይ ይቸገራሉ።

ሥራዎን ስለመልቀቅ ለጠየቁኝ፣ የእኔ አስተያየት የንድፈ ሐሳቡን ትምህርት ሥራ ላይ ሆነው እንዲጀምሩት ነው። የአየር ጠባይ ጥናት፣ የአየር ሕግ፣ የአቅጣጫ ስሌት፣ የአውሮፕላን አካላትና የሰው ልጅ ብቃት ገደቦች በማታ ሊጠኑ የሚችሉ ናቸው፤ በአውሮፓው ሥርዓት ለምሳሌ ለከፍተኛው ፈቃድ 13 የትምህርት ዓይነቶች ያሉ ሲሆን በእያንዳንዱ 75 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። በረራው ግን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ካልሆነ አይጀምሩት። ማረፍ የሚለመደው በተከታታይ ልምምድ ነው። ጀማሪ ሁሉ ወደ መንደርደሪያው ሲቃረብ ዓይኑን ከአፍንጫው ሥር በሚሮጠው አስፋልት ላይ ይተክላል፤ ከፍታውን መገመት ያቅተውና አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ መሪውን ይስባል። አንድ ቀን ዓይኑን ወደ መንደርደሪያው መጨረሻ ሲያነሳ መሬቱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ እየሰፋ ሲመጣ ይታየዋል፤ ጎማውም ሳይነጥር ይነካል። ይህን ያገኘ ተማሪ ለሦስት ሳምንት ካልበረረ አብዛኛውን ጊዜ ያጣዋል፤ የሚቀጥለውን ትምህርት የሚከፍለውም ያወቀውን ለመመለስ ይሆናል። እንግዲህ ጥቂት ወራት ታግሠው ገንዘቡን ሞልተው፣ ከዚያ ሳያቋርጡ ቢበሩ በጣም የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ቅናሹ ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። ጠቅላላውን ክፍያ አስቀድመው አይክፈሉ። የበረራ ትምህርት ቤቶች በአውሮፕላን ጥገናና በነዳጅ ወጪ የተጨናነቁ ተቋማት ናቸው፤ የተማሪዎቻቸውን ቅድመ ክፍያ ይዘው የተዘጉ በተለያዩ አገሮች ታይተዋል። እኔ ራሴ የተማርኩበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። የከፈልኩት ገንዘብ አልተመለሰልኝም። የበረርኳቸው ሰዓቶች ግን አልጠፉብኝም፤ ምክንያቱም አሰልጣኜ በየበረራው ማብቂያ የበረራ መዝገቤ ላይ ይፈርምልኝ ነበር፤ መዝገቡንም ሁልጊዜ ቤቴ አስቀምጠው ስለነበር ሁለተኛው ትምህርት ቤት ሁሉንም ቆጠረልኝ። እርስዎም መዝገብዎን በትምህርት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አይተዉት፤ የሥልጠና ማህደርዎንም ቅጂ በየወሩ ይጠይቁ። ክፍያውን በአሥር በአሥር ሰዓት እየከፋፈሉ ይክፈሉ፤ ትምህርት ቤቱ ይህን የማይቀበል ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ሲጎበኙ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ተማሪዎቹን ያነጋግሩ። ስንት አውሮፕላን ዛሬ እንደሚበርና ስንቱ ጥገና ላይ እንደቆመ፣ ባለፈው ወር ስንት ቀጠሮ እንደተሰረዘባቸው፣ አሰልጣኝ ስንት ጊዜ እንደተቀየረባቸው ይጠይቋቸው። ብዙ አሰልጣኞች ራሳቸው ሰዓት እያጠራቀሙ አየር መንገድ የሚጠባበቁ ናቸውና ጥሪ ሲመጣላቸው በሳምንት ውስጥ ይሄዳሉ፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ነገር ግን የሚተካቸው ሰው መኖሩን ማወቅ ይገባዎታል። ኪራዩ የሚቆጠርበትንም መንገድ ይጠይቁ፤ በብዙ ቦታ ሰዓት ቆጣሪው የሚነሳው ሞተሩ ሲነሳ ስለሆነ በተጨናነቀ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ የሚያልፈው ጊዜም ይከፈልበታል።

እንግሊዝኛዎንም ከአሁኑ ያሠልጥኑ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠሩ አብራሪዎች በስድስት ደረጃ በተከፈለው መለኪያ ቢያንስ አራተኛውን ማሟላት አለባቸው፤ አራተኛ ደረጃ ያለው በየጥቂት ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል። የሬዲዮ ንግግር በቃል የሚያዝ ይመስላል፤ ፈተናው የሚመጣው ከተለመደው ውጭ የሆነ ነገር ሲፈጠርና በራስዎ ቃላት መናገር ሲኖርብዎት ነው።

በመጨረሻም ከጠቅላላው በጀትዎ ላይ ጥቂት ለይተው ያስቀምጡ። ፈቃዱን ባገኙ ማግስት ሥራ ላይገኝ ይችላል፤ በመሣሪያ የመብረር ብቃት ደግሞ በየጊዜው ካልታደሰ ያልፋል። ለአንድ ዓመት እድሳትና በየወሩ ለጥቂት ሰዓት በረራ የሚበቃ ገንዘብ ያለው አመልካች ቃለ መጠይቅ ሲጠራ እጁ ሳይደርቅ ይገባል። ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ የአሁኑን የመነጽርዎን ማዘዣና የቀድሞ የሕክምና ሰነዶችዎን ይዘው ይሂዱ፤ ውጤቱ ሲደርስዎ ደግሞ ይጻፉልኝ፤ ትምህርት ቤት ስለመምረጡ በዚያው እንቀጥላለን።