ደለሉን ለምን ዝቀው አያወጡትም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የአቃቂ ወንዝ ጭቃ ሆኖ ነው የሚወርደው። አባ ሳሙኤል ግድብን ደለል ሞልቶታል ሲሉ እሰማለሁ። በስካቫተር ዝቆ ማውጣት ይሄን ያህል ያቅታል? ደግሞስ ተርባይን ብረት አይደል፣ ጭቃ ምን ያደርገዋል? የሚወጣውን አፈር ለጎመን ማሳ ብናውለውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። እንዳታደርጊው! የሌላ ወንዝ ደለል ለማሳ ሲሳይ ነው። አቃቂ ግን የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጨርቃ ጨርቁን፣ የሰፈሩን ሁሉ ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። እንደ ክሮሚየም ያለው መርዛማ ነገር ከደቃቁ አፈር ጋር ተጣብቆ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ላቦራቶሪ ሳያየው ጎመን ላይ አይደፋም።

ወደ ተርባይኑ እንምጣ። የብረቱ ጠላት ጭቃው ሳይሆን በውስጡ ያለው አሸዋ ነው። በተለይ ኳርትዝ የሚባለው ከተርባይኑ ብረት ይጠነክራል። በኃይል ከሚወረወር ውኃ ጋር ሲመጣ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለዚህ ነው ውኃው ከትልቅ ከፍታ የሚወርድባቸው ጣቢያዎች የሚብስባቸው። ጡረታ ሳልወጣ ፈትተን ያወረድናቸው የተርባይን ምላጮች ጫፋቸው ሳስቶ ጣት ይቆርጥ ነበር። ፊታቸው ደግሞ ነፋስ እንደመታው ውኃ ሞገድ ሞገድ ይላል። ከዚያ በኋላ ብየዳ፣ ከዚያ መሞረድ፣ ከዚያ እንደገና ብየዳ ነው። ደቃቁ ጭቃም ቢሆን ዝም አይልም፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ ማጣሪያ ይደፍንና ኩሽኔታው ይግላል።

ሐምሌ ላይ ከወንዙ በጠርሙስ ቅጂና መስኮት ላይ አስቀምጪው። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ታች ይቀመጣል። ደቃቁ ግን ለቀናት ሳይጠል ይቆያል። ግድብ ውስጥም እንደዚያው ነው፤ ሻካራው ወንዙ ከሚገባበት አፍ ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ እስከ ግድቡ ግንብ ይሄዳል። አሸዋ የሚያስቀር ገንዳ ከተርባይኑ በፊት የሚሠራውም ለዚህ ነው። ደቃቁን ግን ገንዳ አይዘውም።

አሁን ስካቫተርሽ። አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል ለግድብ ብዙ አይደለም። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖ ግን ይሄን ለመጨረስ ከ62,000 ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት። ናፍጣው ይቅር፣ የት ይደፋል? ከግድቡ ዳር ከተደፋ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይገባል። ዝቆ ማውጣት የውኃ መግቢያውን አፍ ለመክፈት ይጠቅማል፤ ሐይቅ ለመመለስ ግን አቅም ያሳጣል።

ርካሹ መንገድ ደለሉ ሳይተኛ ማሳለፍ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ሐይቁን ዝቅ አድርጎ ይዞ የታችኛውን በር መክፈት፣ ክረምቱ ሲወጣ በጠራው ውኃ መሙላት። ቻይናዎች በቢጫ ወንዝ ላይ የሠሩት ሳንመንሻ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ውኃ መያዝ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደለል ሲውጠው፣ የታች በሮችና ዋሻዎች ለመክፈት ተገደዋል። የታች በር ከመጀመሪያው ያልተሠራለት ግድብ ዕዳው ከባድ ነው።

አቃቂ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። አባ ሳሙኤል የሀገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ 6.6 ሜጋዋት። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከርሞ በቻይና ድጋፍ ታድሷል። ከዚያ ያሳለፍነውን ጭቃ አቃቂ ለአዋሽ ያስረክባል፣ አዋሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ለተሠራው ለቆቃ ግድብ። ቆቃ ራሱ በደለል የተቸገረ ነው። በተጨማሪ በሩ በድንገት ሲከፈት ከታች ያለው ዓሣ ይታፈናል፣ ወንዝ ዳር ያለ ሰውና ከብት ካልተነገረው አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ለአቃቂ የሚያዋጣው ከላይ መያዝ ነው። በገበሬው ተዳፋት ላይ እርከን፣ በቦረቦሩ ውስጥ ክትር፣ በወንዙ ዳር ሣር። ገበሬው ላይ ብቻ ማላከክ ግን አልወድም። በእናንተ ሰፈር ስንት ሕንፃ ነው የሚቆፈረው? ማታ ማታ ሲኖ አምጥቶ ወንዝ ዳር የሚገለብጠው አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ነው የሚጠብቀው። ካየሽ ታርጋውን መዝግበሽ ሰኔ ሳይገባ ለወረዳችሁ አመልክቺ።