ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ተራራ ስኖውሞቢል የፊት እግር ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት ከዴንቨር፣ ከኦሮራና ከካልጋሪ ነው። አነጋገራቸው ቢለያይም አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ለስኖውሞቢሌ (በረዶ ላይ ለሚነዳው ሞተር) የትኛውን ሾክ (ጉብታውን የሚውጠውን እግር) ልግዛ? የእኔም መልስ ያው ነው፦ ሾክ የመጨረሻው ወጪ ይሁን። «የተራራ ማሽን» የምለው ትራኩ (ከኋላ የሚሽከረከረው የጎማ ቀበቶ) 146 ኢንችና ከዚያ በላይ፣ ከፊት ያሉት ሁለት ስኪዎች (መንሸራተቻዎች) የሚራራቁበት ስፋት 36 ኢንች ገደማ የሆነውን ነው። ለተደለደለ መስመር የሚሠሩት ማሽኖች 42 ኢንች አካባቢ ስለሆኑ እዚህ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱላቸው።

ጥያቄ፦ ደረቅ በረዶ ላይ መሪውን አጥፌው ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። የፊት ሾኮቹን ልለውጥ አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ብሩን ለጊዜው ኪስህ አቆየው። መሪው ታጥፎ ማሽኑ ካልታጠፈ ስኪው በረዶውን አልነከሰም ማለት ነው። የሚነክሰው ደግሞ ሾኩ ሳይሆን ከስኪው ሥር ያለው ካርባይድ (ጠንካራ ጠርዝ ያለው የብረት ዘንግ) ነው። ፊቱን በክሪክ አንሣና ካርባይዱን በጣትህ ዳብሰው። ሹል ጠርዝ ካጣህ፣ ዶልዱሞ ክብ ከሆነብህ፣ አልቋል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በረዶው ድረስ ጠጠርና አስፋልት ላይ የምትነዳት ያቺ ጥቂት ሜትር ናት በብዛት የምትበላው። ለመቀየር ዳዶዎቹን ከላይ ፈትተህ ዘንጉን ከሥር ታወጣለህ። ዘንጉ ራሱ እስኪሳሳ ከጠበቅህ ግን ብሎኖቹ ይበሉና ጣጣው ለስኪውም ይተርፋል።

ካርባይዱ ደህና ከሆነ ወደ ኋላ ሂድ። አዎ፣ ወደ ኋላ። ስኪው ላይ የሚያርፈውን ክብደት በዋናነት የሚወስኑት ትራኩ ውስጥ ያለው መካከለኛው ሾክና የፊተኛው መግቻ ቀበቶ (ትራኩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ፊቱ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚገታው) ናቸው። የመካከለኛው ሾክ ሞላ ከልክ በላይ ከተጨመቀ የማሽኑን አፍንጫ ወደ ላይ ይገፋል፣ ስኪውም ይቀልላል። ሞላውን የሚጨምቀውን ቀለበት ሁለት ዙር አላላና ሞክረው። ካልበቃ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አሳጥር። ቀበቶው ሁለት ከሆነ ሁለቱንም እኩል፣ አለዚያ ሐዲዱ ተጣሞ ይቆማል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቀዳዳ በላይ አትሂድ፤ በጣም ካጠረ መሪው ይከብዳል፣ ጥልቅ በረዶ ውስጥ አፍንጫው ይሰምጣል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ክብደቱ ወደ ትራኩ መሸጋገር ያቅተዋል። ቀበቶ በነካህ ቁጥር የትራኩን ውጥረት መልሰህ ለካ።

ጥያቄ፦ ሌሎች በሄዱበት ዱካ ላይ ስገባ መሪው ወዲያና ወዲህ ይጎትተኛል። አላይመንት (የስኪዎቹ አቅጣጫ መዛባት) ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ግን የላላ ነገር ያለበትን ማሽን አላይመንት መሥራት ውኃ ቢወቅጡት ነው። ስኪዎቹ ከመሬት እስኪለቁ አንሣው። ጓደኛህ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝልህ፤ አንተ የስኪውን አፍንጫና ጭራ ይዘህ ወዝውዘው። ከዚያ እጅህን መጋጠሚያዎቹ ላይ እያሳረፍክ ድገመው፦ የመሪ ዘንጉ ጫፍ ያለው ቴስቲና፣ የስፒንድሉ (ስኪውን የሚሸከመው ቋሚ ብረት) ቡሽ፣ ስኪውን የሚይዘው ብሎንና ቡሹ። ዓይን የማያየውን ክፍተት ጣት ይይዘዋል። ኳ የሚለውን ቀይረህ ስትጨርስ ነው ሜትር የምታነሣው።

አለካኩ እንዲህ ነው። መሪውን በትክክል መካከል ላይ እሰረው። የሁለቱን ስኪዎች አፍንጫ በላስቲክ ገመድ ወደ ውስጥ ሳባቸው፤ ይህ የቀረውን ጥቂት ልቅነት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስበዋል። ከስኪው ብሎን 10 ኢንች ወደ ፊትና 10 ኢንች ወደ ኋላ ምልክት አድርግና የግራውንና የቀኙን ካርባይድ ርቀት በሁለቱም ቦታ ለካ። ከካርባይድ እስከ ካርባይድ ለካ እንጂ የስኪውን የፕላስቲክ ጠርዝ አትመነው፣ ይተጣጠፋል። የፊተኛው ልኬት ከኋለኛው ከ1/8 እስከ 1/4 ኢንች (ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር) መብለጥ አለበት። የማሽንህ ማንዋል የተለየ ቁጥር ካለው እሱን ተከተል። ስኪዎቹ አፍ ለአፍ ከተገጣጠሙ ማሽኑ ቀጥታ ላይ እንኳ መንገድ እንደጠፋው ሰው ይባክናል።

ስታስተካክል የመሪ ዘንጉን መቆለፊያ ዳዶ አላላና በግራም በቀኝም እኩል አዙር። አንዱ ጫፍ ጥርሱ የግራ ስለሚሆን ዳዶው እምቢ ቢልህ ቁልፍህ ላይ ቱቦ ከመጨመርህ በፊት አቅጣጫህን እይ። ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ብረት ከትራኩ ጎን አስጠግተህ ሁለቱም ስኪዎች ከእሱ እኩል መራቃቸውን አረጋግጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መጎተቱ ካልለቀቀህ፣ ባለ አንድ መስመር ካርባይድ የሌላውን ቦይ መከተሉ ተፈጥሮው ነው። ባለ ሁለት መስመር ግጠም። መሪው ትንሽ ይከብድሃል።

ጥያቄ፦ የአየር ሾክ ነው ያለኝ። ዴንቨር ጋራዥ ውስጥ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሞልቼ ቬይል ፓስ (የኮሎራዶ የተራራ ማለፊያ) ስደርስ ለስልሶ አገኘሁት። እያፈሰሰ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ዴንቨር ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 60 የሞላኸው አየር ከነቀዝቃዜው ከ0 በታች 15 ሲደርስ ይኮማተራል። ቬይል ፓስ 3,250 ሜትር ላይ ስለሆነ የውጪው አየር ግፊት ማነሱ ትንሽ ይመልስልሃል፤ ሁለቱ ተደምረው ጌጁ ላይ 54 ገደማ ታነባለህ። ስለዚህ ማሽኑን ከተጎታቹ አውርደህ ግማሽ ሰዓት ብርድ ካስመታኸው በኋላ እዚያው ሙላው። በእርግጥ ማፍሰሱን ለማወቅ እዚያው ሙቀት ላይ አሳድረህ ለካ።

ፓምፑን ስትገጥም ጌጁ ዝቅ ብሎ የሚታየው ቱቦው ራሱ አየር ስለሚወስድ ነው፤ ስትፈታው የምትሰማው ፍሽሽታ ደግሞ የቱቦው አየር ነው። የጎማ ቤት ኮምፕረሰር ግን ወደዚህ ሾክ አታስጠጋ። የሚይዘው አየር በጣም ጥቂት ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ከልኩ ያልፋል። ለሾክ የተሠራ የእጅ ፓምፕ ግዛ።

ጥያቄ፦ ከአየር ወደ ብረት ሞላ መቀየር እፈልጋለሁ። ከነልብሴ 110 ኪሎ ነኝ። ሞላውን እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ በመጀመሪያ አሁን ያለው ስትቆምበት ምን ያህል እንደሚረግጥ (ዝቅ እንደሚል) ለካ። ስኪዎቹ መሬት ሊለቁ ሲሉ የፊት መከላከያውን ከፍታ ያዝ። አውርደው፣ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርግና ቦርሳህን ሳይቀር ተሸክመህ እግር መርገጫው ላይ እንደምትነዳው ቁም። ጓደኛህ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ የፊት እግሩ ከሚጓዘው ርቀት ሩብ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። ጉዞው 9 ኢንች ከሆነ በግምት ከ2 ኢንች ተኩል አይርቅም።

ከዚያ በላይ ከረገጠ ብዙዎች የሞላውን ቀለበት ያጠብቃሉ። ማጥበቅ ማሽኑን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። 100 ፓውንድ በኢንች የሆነ ሞላ አምስት ዙር ብታጠብቀውም ያው 100 ነው። ቀለበቱ ብዙ ዙር ከፈለገ የሚቀጥለውን ጠንካራ ሞላ ውሰድ፤ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ መጨመር በቂ ነው። ስታዝ የውስጥ ስፋቱንና ሳይጨመቅ ያለውን ርዝመት ለካ። ስትፈታ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አላላ፤ አሁንም ከተወጠረ መጭመቂያ ተጠቀም። ተወጥሮ የተለቀቀ ሞላ ጣት ይሰብራል።

ጥያቄ፦ ስዌይ ባሩን (ግራና ቀኝ የፊት እግሮችን አያይዞ ማጋደልን የሚቀንሰውን ብረት) ላውጣው?

መልስ፦ ተዳፋት በአግድም ለማቋረጥ ከሆነ አዎ፣ ማሽኑ በቀላሉ ይጋደምልሃል። ብዙ አዳዲስ የተራራ ማሽኖችም ያለሱ ነው የሚመጡት። የምትከፍለው በተደለደለ መስመር ኩርባ ላይ ነው፤ ወደ ውጭ ያጋድላል። አንዱን ማያያዣ ብቻ ፈትተህ አትተው፣ ተንጠልጥሎ የሆነ ነገር ይመታል። ደግሞ ማሽኑ በቀለለህ ቁጥር ይበልጥ ቀጥ ያለ ተዳፋት መውጣትህ አይቀርምና ጠዋት የኮሎራዶን የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ትንበያ ሳታይ አትውጣ።

ጥያቄ፦ ስፋቱን ከ36 ወደ 38 ላሳድገው?

መልስ፦ አትንካው። ስትጋደም እያንዳንዷ ኢንች ጉልበት ታስከፍልሃለች።

ጥያቄ፦ የማሽኔ የፊት ክንድ (ስፒንድሉን ከሻሲው የሚያያይዘው ብረት) ስለተጣመመ የሌላ ፋብሪካ ክንዶች ልገጥም ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የተጣመመው ክንዱ ብቻ መሆኑን እይ፤ ክንድ ያጣመመ ግጭት የመሪ ዘንጉን ወይም ስፒንድሉን፣ አንዳንዴም ክንዱ የሚታሰርበትን ሻሲ ይዞ ይሄዳል። አዲሱን ስትገጥም ሾኩን ሳታስር ክንዱን ወደ ላይ አንሥተህ ልቀቀው። በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። ከቆመ ቡሹ ተጣብቋል ወይም ውስጡ ያለው የብረት ቱቦ አጥሮ ዳዶው የቡሹን ፕላስቲክ እያነቀው ነው። እንዲህ ያለ ክንድ ላይ በዓለም ውድ የሆነውን ሾክ ብታስር ደረቅ ነው የሚሆነው። ባለ ናይሎን ዳዶ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ተካው፣ ጥብቀቱንም ከማንዋሉ ላይ አንብበህ በቶርክ ቁልፍ ጨርስ። መጨረሻ ላይ አላይመንቱን እንደ አዲስ ሥራ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሾኮቼ አራት ክረምት አልፈዋል፣ ተከፍተው አያውቁም። አዲስ ይሻላል ወይስ ማሳደስ?

መልስ፦ ዘንጉ ካልተጫረ ማሳደስ፣ ያውም በርካሽ። ዘይቱ ከጊዜ ብዛት ይቀጥናል፣ ማኅተሙ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ይደርቃል። ያልታደሰ ጥሩ ሾክ ከታደሰ መናኛ ሾክ ያንሳል። ቤትህ ግን አትክፈተው፤ ብዙዎቹ ውስጥ 200 ፒኤስአይ ያህል ናይትሮጅን አለ።

ጥያቄ፦ ሪባውንድ የሚለውን ማዞሪያ (ሾኩ ከተጨመቀ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚወስነውን) ስንት ላይ ላድርገው?

መልስ፦ እስከ መጨረሻው ዝጋ፣ ስንት ጠቅታ እንዳለው እየቆጠርክ ክፈት፣ መሃል ላይ ተወው። ጉብታ ካለፍክ በኋላ አፍንጫው ከተወረወረ ሁለት ጠቅታ ዝጋ። ተከታታይ ጉብታ ላይ እየወረደ እየደረቀ ከሄደ፣ ሞላው ሳይመለስ ቀጣዩ እየደረሰበት ነውና ሁለት ክፈት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር።

ጥያቄ፦ 58 ኪሎ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ክንዴ ዝሎ መሪውን ማዞር ያቅተኛል። ጠዋት ግን ደህና ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚከብድ መሪ ሾክ ላይሆን ይችላል። ኮፈኑን ክፈቺና የመሪ ዘንጎቹ የሚያልፉበትን ቀዳዳ እዪ፤ ከሞተሩ ሙቀት የቀለጠው በረዶ እዚያ መልሶ ይጋገርና ዘንጉን ያንቀዋል። በፕላስቲክ ነገር አራግፊው፣ በብረት አትውቀጪው። ንጹሕ ሆኖም ከከበደሽ ካርባይዱን 4 ኢንች ገደማ በሆነ አጭር ቀይሪ፣ የመካከለኛውን ሾክ ሞላ አንድ ዙር አጥብቂ፣ የፊት ሾክሽ የአየር ከሆነ በየጎኑ 5 ፒኤስአይ ቀንሺ።

ለኪሎሽ ፋብሪካው ያስቀመጠው ሞላ ጠንካራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ግን በረዶውን ሳታራግፊ ሞላ አትዘዢ።