«ጋሼ፣ የወታደር ፓራሹት ይሆነኛል?»

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ፓራግላይዲንግ፣ ማለትም ከተራራ ተነስቶ በጨርቅ ክንፍ መብረር፣ ሊጀምር ነው። የአየር ወለድ ተጠባባቂ ፓራሹት (ዋናው ሲከሽፍ የሚከፈተውን) በርካሽ አግኝቶ፣ «ጋሼ፣ ይሆነኛል?» ብሎ ደወለልኝ። አይሆንህም አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ግን ሌላ ልጅ ትዝ አለኝ፤ ሆዴ ተረበሸ።

መጀመሪያ መልሱን ልጨርስ። ዕድሜዬን ሙሉ ፓራሹት ሳጥፍ ኖሬያለሁ። የወታደሩ የተሠራው ከአውሮፕላን ዘሎ በፍጥነት ለሚወርድ ሰው ነው። የፓራግላይዲንጉ በእጅ ተወርውሮ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ቢሆን ቶሎ መከፈት አለበት። መሬት ቅርብ ነውና ጊዜ የለም።

ያኛው ልጅ የደሴ ልጅ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ፣ ክንፉን ይዞ መጣ። ከጦሳ ተራራ ተነስቼ እበራለሁ ይላል፤ ሌላ ወሬ የለውም። ሃርነሱ፣ የሚታጠቀው መቀመጫ፣ አዲስ ነው፤ ተጠባባቂውን ግን ከሌላ ሰው ነው የገዛው። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ወስደን፣ ሞተር የሚያወርዱበት ብረት ላይ ለሙከራ ከነሃርነሱ ሰቀልነው። መካኒኮቹ ሥራ አቁመው ከበቡን። «ወርውር!» አልኩት። እጀታውን ሳበ። እጀታው ተነቀለ፤ ተጠባባቂው ያለበት የሃርነሱ ኪስ ግን አልተከፈተም። ደግሞ ሳበ። አንዱ መካኒክ «ይሄኔ መሬት ደርሰህ ነበር» ብሎ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም።

ጠጋ ብዬ አየሁት። እጀታውን ከውስጠኛው ከረጢት ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ አጭር ነው። ኪሱን የሚዘጉት ፒኖች ሳይወጡ ይወጠርና ከረጢቱን ይጎትታል። ከረጢቱ የተዘጋውን ኪስ ከውስጥ ይገፋል። በሳበ ቁጥር ይብስ ይጠብቃል። ዕቃዎቹ ለየብቻ ምንም አልነበራቸውም፤ አብረው አልገጠሙም እንጂ።

ማሰሪያው ይቀየርና ደግመን እንሰቅልሃለን አልኩት። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀዘቀዘ። ክንፉንም ሸጠው። አሁን አዲስ አበባ ቢሮ ይሠራል፤ ልጆችም ወልዷል፤ ደህና ነው። ያ ሁሉ ጉጉት በአንዲት ጨርቅ መቅረቱ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ቢሆንም ዛሬም ቢመጣ እሰቅለዋለሁ።

የዛሬ ልጆች ካሜራ ለመምረጥ ወር ትፈጃላችሁ፤ ተጠባባቂውን ግን ዋጋውን ብቻ አይታችሁ ትገዛላችሁ። ደግሞ ስለምትጠይቁ ከኛ ትሻላላችሁ፤ እኛ አለቃን አንጠይቅም ነበር።

ስለ ሄልሜት አልነግርህም። ክብደትህን ግን ስትመዘን ክንፉን፣ ሃርነሱን፣ ልብሱንና ውሃውን ጨምር። የአውሮፓው የተጠባባቂ ፓራሹት ደረጃ ኢኤን 12491 በሙሉ ጭነት በሰከንድ እስከ 5.5 ሜትር መውረድን ይፈቅዳል። ይህ ከአንድ ሜትር ተኩል እንደ መዝለል ነው። ቁጥሩ ግን የባሕር ጠለል አየር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። እዚያ ያው ፓራሹት በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሁለት ሜትር ገደማ ከሆነ ግንብ መዝለል ማለት ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ ከሆንክ እስከ 100 ኪሎ የሚለውን አትግዛ፤ ከፍ ያለውን ውሰድ።

የሚነዳው ዓይነት ተጠባባቂ ያምራል፤ ግን ዋናውን ክንፍ ሰብስበህ ካላመከንከው ሁለቱ ይጓተታሉ። ለጀማሪ ክቡ ወይም አራት ማዕዘኑ ይበቃል።

ተጠባባቂውን ከሃርነሱ ጋር የሚያገናኘው ተሸካሚ ማሰሪያ ትከሻህ ላይ ይግባ፤ ያኔ በእግርህ ታርፋለህ። መመሪያው ባለው ጊዜ፣ ቢዘገይ በዓመቱ፣ ተጠባባቂውን አውጥተህ አናፍሰውና ባለሙያ ይጠፈው። ከማውጣትህ በፊት ግን ታጥቀህ ተሰቀልና ራስህ ወርውረው፤ ክንድህ ይልመደው።